ሰባት ነን ያሉኝ ሰው

ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሰኔ ዝናብ የቡታጅራን ቆርቆሮ ጣሪያ ሲደበድብ፣ ሀያት ጃንጥላዋን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ወደ ቤቴ ገባች። ሀያት የጎረቤቴ ልጅ ናት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተማርኳት እኔ ስለሆንኩ ዛሬም «ቲቸር» ነው የምትለኝ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ጠዋት ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ቆማ መንገዱን ስትመለከት አያታለሁ። የምትሄድበት ሳይኖራት፣ ፀጉሯን ተሠርታና ጫማዋን ጠርጋ ነው የምትቆመው።

«ቲቸር፣ ለጊዜያዊ መረጃ ሰብሳቢነት አመልክቼ ስሜ ወጣ» አለችኝ፤ የላስቲክ ማህደሯን ከዝናቡ ለማዳን ከሹራቧ ሥር ይዛዋለች። «ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅ ነው። አርብ ወልቂጤ ኢንተርቪው አለኝ። እርስዎ ድሮ ሠርተውበታል ብላ እናቴ ነገረችኝ። ምንድነው የሚጠይቁት?»

እኔም ማንም ሽማግሌ የሚለውን አልኳት። በሰዓትሽ ተገኚ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ የማታውቂውን አላውቅም በዪ። አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ፤ ግን አላረካኋትም። «እሺ፣ እርስዎን ምን ጠየቁዎት?» አለች። ያኔ ሻይ ቅጂልኝ አልኳትና፣ ለባለቤቴ እንኳ ነግሬ የማላውቀውን ነገር ነገርኳት።

ሃያ ዓመት ግድም ይሆናል። እኔም እንደ እሷ ተመርቄ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ። አባቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ ቡታጅራ የመጣ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ጡረታ ወጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። ክፉ ቃል አይወጣውም። ግን ማታ ከከተማ ስመለስ መነጽሩን አውልቆ «ምን ተባለ?» ይለኛል። «ምንም» እለዋለሁ። መነጽሩን መልሶ ያደርጋል። ከዚያ በላይ አንነጋገርም። ዛሬ ላይ ሳስበው፣ ሰውየው የሚጠይቀኝ ጨንቆት እንጂ ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ ያኔ ግን ያቺ ጥያቄ እንደ ጅራፍ ነበረች። ሥራ የሌለው ሰው ጆሮ ሁሉንም ነገር ወቀሳ አድርጎ ነው የሚሰማው።

ከድር የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሲሞቱ ከድር የአራት ታናናሾች ታላቅ ሆኖ ቀረ። ጉራጊኛ ያስተማረኝ የእነሱ ቤት ነው። በልጅነቴ ከእናቱ ገበታ ቆጮ በአይብ ስበላ ነው ቋንቋው አፌ ላይ የተላመደው። ከድር እንደ እኔ ስለ ሥራ ብዙ አያወራም። አንድ ቀን ብቻ፣ ገበያው አጠገብ ቆመን ሳለ፣ «ከሰፈራችን ሦስት ልጆች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። ደላላው እኔንም አናግሮኛል» አለኝ። «ትሄዳለህ እንዴ?» ስለው «ይኼኛው ካልሆነ አልቀመጥም» አለ።

«ይኼኛው» ያለው ዞኑ ላይ የወጣውን ማስታወቂያ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ መሥሪያ ቤት ለቤተሰብ ጥናት ጊዜያዊ ሠራተኞች ይፈልጋል። ዲፕሎማ ያለው፣ በእግር መጓዝ የሚችል፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቅ። ጊዜው ሦስት ወር። ሦስት ወር! ዛሬ ክረምት ገብቶ የሚወጣበት ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አንድ ሙሉ ሕይወት ይመስለን ነበር።

የጽሑፍ ፈተናውን ሁለታችንም አልፈን ለቃል ፈተናው ወልቂጤ ተጠራን። ከአንድ ቀን በፊት ተነሣን። ተራራውን አቋርጦ ወደ ጉብሬ የሚወርደው መንገድ ያኔ አስፋልት አልለበሰም፤ አሮጌው አውቶቡስ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ፣ ተሳፋሪው እግሩን ከወንበሩ ሥር ከታሰረው ዶሮና ከጤፍ ጆንያው መሀል አድርጎ ዝም ይላል። ተራራው አናት ላይ ጉም ነበር። የእንሰቱ ቅጠል ከጉሙ ውስጥ ብቅ እያለ መስኮቱን ሊነካ ይደርሳል። ብርዱ አጥንት ይገባል። ከድር እናቱ የጠቀለለችልንን ቆጮ በጎመን አወጣና ከፍሎ ሰጠኝ። እየበላን ያስጠናኝ ጀመር። «በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?» በጉራጊኛ በል። «ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት የሞተ አለ?» በል። ስሳሳት ያርመኛል። ቡታጅራ ላይ የምንናገረው ከወልቂጤው ትንሽ ስለሚለይ፣ አክስቱ ወልቂጤ ስላለች የዚያን አገር አነጋገር ጨምሮ አስጠናኝ። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ እናት «ልጆቼ፣ ለቆጠራ ነው የምትሄዱት? እኛንማ ስንት ጊዜ ቆጠሩን» ብለው ሳቁ።

ጉብሬ ላይ ሻይ ጠጥተን፣ ሲመሽ ወልቂጤ አክስቱ ቤት ገባን። በማግስቱ በሁለት ሰዓት መሥሪያ ቤቱ ግቢ ነበርን። ሠላሳ የምንሆን ወጣቶች ከግራር ጥላ ሥር ቆመናል። ሁሉም ሸሚዝ አስገብቷል። ቀኑ ሞቃት ነበር። አንዱ ልጅ ከፈተናው ሲወጣ ሌሎቹ ይከቡታል። «ዘበኛውን ነው የምትጠይቀው» አለ የመጀመሪያው። «ሦስት ሰዎች ይቀመጣሉ። የግቢውን ዘበኛ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል፤ እንደ ቤተሰብ ኃላፊ አድርገህ በጉራጊኛ ትጠይቀዋለህ፤ ቅጹን ትሞላለህ። ሃያ ደቂቃ ነው። ቀላል ነው።»

በተመዘገብንበት ቅደም ተከተል ነበር የሚጠሩን። አብረን ስለተመዘገብን እኔ፣ ከእኔ ቀጥሎ ከድር።

ስገባ ከጠረጴዛው ኋላ ሦስቱ ተቀምጠዋል። መሀል ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ ኮት የለበሱ ሰብሳቢ፣ በቀኛቸው ቋንቋ የምትመዝን የዞኑ ሠራተኛ፣ በግራቸው ሰዓት የሚይዝ ሰውዬ። ፊት ለፊት ወንበር ላይ ዘበኛው ጋሽ ወልዴ። የዘበኛ ካፖርታቸውን በዚያ ሙቀት እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ከጠዋት ጀምሮ አሥር ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠይቋቸዋል። ድምፃቸው ደክሟል።

ሰላምታ ሰጥቼ ጀመርኩ። በቤቱ የሚኖረው ስንት ሰው ነው? «ሰባት ነን» አሉ። ስም በስም ንገሩኝ አልኳቸው። ራሳቸው፣ ባለቤታቸው፣ አሮጊት እናታቸው፣ ሦስት ወንዶች ልጆች። ጻፍኩ። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ላም፣ እንሰት፣ የውኃው ርቀት። ከዚያ የሞት ጥያቄ መጣ። «ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ከዚህ ቤት የሞተ ሰው አለ?»

«የለም።»

ወደሚቀጥለው ገጽ ማለፍ እችል ነበር። ከእኔ በፊት የገቡት ሁሉ እንዲያ አልፈዋል። ግን ዓይኔ ከላይ በጻፍኩት ቁጥር ላይ አረፈ። ሰባት ብለው ነበር፤ ስሙ ስድስት ነው። ደስ አለኝ። ይህን መካድ አልችልም። የሂሳብ ጥያቄ ፍንጭ እንዳገኘ ተማሪ ነው የተሰማኝ። ሰብሳቢው አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ቅጼን ሲያዩ አየሁ።

«ጋሽ ወልዴ» አልኩ፣ «ሰባት ብለውኝ ነበር። የቆጠሩልኝ ግን ስድስት ነው። አንዱ ማነው?»

 ቆባቸውን አዞሩት።

«ተሳስቼ ነው» አሉ።

«ቀስ ብለው ያስቡ። ሌላ ቦታ የሄደ ሰው ይሆን?»

የቋንቋዋ ሴትዮ ዓይኗን ከወረቀቱ አነሣች። ጋሽ ወልዴ ወደ እሷ አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ።

«ልጄ ናት» አሉ። «ሞታለች።»

«መቼ?»

«በጥቅምት።»

«ስሟ?»

«ውድነሽ።»

«ዕድሜዋ?»

«ሃያ።»

ከድር በመንገድ ላይ ያስጠናኝ ቃል ሁሉ አንድም ሳይሳሳት ከአፌ ወጣ። ቅጹ ያዛል፤ ሟቿ ሴት ከሆነችና ዕድሜዋ ለወሊድ ከደረሰ፣ ነፍሰ ጡር ነበረች ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ጠየቅኳቸው። አንድ አባት ፊት፣ ሦስት ሰዎች እየሰሙ፣ ጠየቅኳቸው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ዘንድ መጥታ ነበር አሉኝ። ለዚያ ነው ሰባት ያሉት፤ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ሰባት ነበሩ። በወሊድ ላይ ነው ወይስ ከወሊድ በኋላ? አልኳቸው። «በወሊድ ላይ» አሉ። «ሕፃኑስ?» «አብሯት።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ጠፋ። ቆባቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን «አብሯት» ያሉትን በትክክለኛው ሣጥን ውስጥ ጻፍኩና ገጹን ገለጥኩ።

ሰብሳቢው ጠረጴዛውን በብዕራቸው መታ መታ አደረጉ። «ጎበዝ» አሉ በአማርኛ። «እንዲህ ነው መጠየቅ። አሥር ሰው ያላየውን ነው ያየኸው።» ሴትዮዋ ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች።

ስወጣ ከድር በሩ ላይ ቆሟል። ሸሚዙን አስተካከለና ዓይኔን አየኝ፤ እንዴት ነው ማለቱ ነው። አውራ ጣቴን አሳየሁት። ገባ። አምስት ደቂቃ አልቆየም፤ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ግቢውን አቋርጦ ከበሩ ወጣ፤ ተከተልኩት። ከመንገዱ ማዶ ያለች ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን።

«ምን ሆንክ?»

«አልጠየቅኳቸውም» አለኝ።

«ማንን?»

«ሰውየው እያለቀሱ ነው። ስገባ እያለቀሱ ነበር። ኮት የለበሱት ጀምር አሉኝ። ስንት ሰው በቤት ይኖራል አልኳቸው፤ ስድስት አሉ፤ ልጄ ሞታለች ብለው ማውራት አቃታቸው። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። እግዜር ያጽናዎት ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቅጹን ሳትሞላ ነው የምትወጣው? አሉኝ ሰብሳቢው። ለሌላ ቀን እናድርገው አልኩ። ሌላ ቀን የለም አሉ።» ሻዩን አልነካውም። ከዚያ ቀና አለና ጠየቀኝ፦ «አንተ ስትገባም እንዲህ ነበሩ?»

ሻይ የምትቀዳዋ ልጅ ብርጭቆ ስታጥብ ይሰማኛል። መንገዱ ላይ ጋሪ አለፈ። እውነቱን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

«አዎ» አልኩት። «ስገባም እንዲሁ ነበሩ።»

«እና ጠየቅካቸው?»

«ቶሎ ቶሎ ብዬ ጨረስኩት።»

አንገቱን ነቀነቀ። አልወቀሰኝም። «ምን ታደርግ» አለ ብቻ። ቆይቶ፣ «ነገ አብሬህ አልመለስም፤ አክስቴ ጋ አንድ ሁለት ቀን ልቆይ» አለኝ። በማግስቱ ብቻዬን ተሳፈርኩ። ተራራው ላይ ያው ጉም ነበር። መስኮቱ ጥግ ተቀምጬ፣ እኔ ሥራዬን ነው የሠራሁት፣ ስላለቀሱ እኔ ምን ላድርግ፣ እያልኩ እስከ ቡታጅራ ከራሴ ጋር ስሟገት መጣሁ። አባቴ መነጽሩን አውልቆ «ምን ተባለ?» አለኝ። «ጥሩ ነበር» አልኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ የአላፊዎች ስም ወጣ። የነገረኝ ከድር ነው። ከዋናው መንገድ ጀምሮ እየሮጠ መጥቶ፣ «ስምህ አለ! ሦስተኛ ነህ!» ብሎ አቀፈኝ። የእሱን አልጠየቅኩም፤ እሱም አልነገረኝም። ልሄድ ስል ጠንካራ ቆዳ ጫማውን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። «ያንተ ጫማ ገጠር አያዘልቅም። እኔ ለአሁኑ አያስፈልገኝም» አለኝ። መናኸሪያው ድረስ ሸኘኝ። አውቶቡሱ እስኪወጣ ቆሞ ጠበቀ።

ሥልጠናው እዚያው ወልቂጤ ግቢ ውስጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ወልዴን በሩ ላይ ሳይ ላልፋቸው አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን አወቁኝ። ጠሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ያ ከአንተ ቀጥሎ የገባው ልጅ፣ ከድር፣ ደህና ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው። ያውቁታል እንዴ?»

«በማግስቱ ቤቴን ጠይቆ መጣ። ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ። ለቅሶ ደረሰኝ። ባለቤቴን አጽናናልኝ። ከዚህ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ደጄን አልረገጠም፤ የማላውቀው የእስላም ልጅ ነው የመጣው።»

 «ምን አወራችሁ?»

«ምን እናወራለን። ማን አስለቀሰዎት አለኝ። ከአንተ በፊት የገባው ልጅ ነው፤ ሰባት ብዬ ተሳስቼ እሱ ቁጥር ሲያስተካክል ነው ያነሣብኝ፤ እስከዚያ ድረስ ችዬው ነበር አልኩት። ጓደኛህ መሆኑን መች አወቅኩ።»

«እሱስ?»

«አቀረቀረ።  በኋላ፣ ሥራውን በጣም ስለሚፈልገው ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም አለኝ።» ጋሽ ወልዴ ቆባቸውን አስተካከሉ። «እኔም አልተቀየምኩህ። ሂድ፣ እንዳይረፍድብህ።»

እንግዲህ ከድር ሁሉንም ያውቅ ነበር። ስሜን ሊነግረኝ ሲሮጥ ያውቅ ነበር። ጫማውን ሲሰጠኝ ያውቅ ነበር። ሻይ ቤቷ ውስጥ ዓይኑን እያየሁ እንደዋሸሁት እያወቀ ነው መናኸሪያ ቆሞ የሸኘኝ።

ስመለስ እነግረዋለሁ አልኩ። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ አልኩ። ከሥልጠናው በቀጥታ ወደ ገጠር አሰማሩን። ሦስት ወር በከድር ጫማ ጭቃና ዳገት ወጣሁ ወረድኩ፤ የሰው በር አንኳኳሁ፤ «የሞተ አለ?» አልኩ። ቅጾቼ ንጹሕ ናቸው ተብዬ ተመሰገንኩ። ሥራው አለቀና ወደ ቡታጅራ ተመለስኩ። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ እነ ከድር ቤት ሄድኩ። እናቱ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከሄደ ሃያ ቀኑ ነው አለችኝ። ከሞያሌ አንድ ጊዜ ደውሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። እስከ ዛሬም የለም። አብረውት የሄዱ ሁለት ልጆች ደርሰዋል፤ መንገድ ላይ ተለያየን ነው የሚሉት። እናቱ ሳታለቅስለትም ሳታገኘውም ከሦስት ዓመት በፊት አረፈች። ቀብሯ ላይ ቆሜ፣ ያን ቀን እስክሪብቶውን ባያስቀምጥ ኖሮ እዚህ አጠገቤ ይቆም ነበር እያልኩ አሰብኩ። ደግሞ፣ እስክሪብቶውን ያስቀመጠው እኔ ያስለቀስኳቸውን ሰው አይቶ ነው።

ይህን ለሀያት ስነግራት ዝናቡ ቀንሶ ነበር። ሻዩ ቀዝቅዟል። እኔም እንደ ልማዴ ለራሴ የምሰጠውን ማጽናኛ ጨመርኩ። ጥያቄው መጠየቅ ነበረበት አልኳት፤ በወሊድ የሞተች ሴት ካልተጻፈች ማንም አያውቃትም፤ ካልታወቀች ለሌሎቹ አዋላጅ የሚልክ የለም። ይህ እውነት ነው። ግን እኔ የጠየቅኩት ለዚያ አልነበረም፤ ለማለፍ ነበር። ጥያቄው አንድ ሆኖ የጠያቂው ልብ ሊለያይ ይችላል፤ ይህን ቅጹ የሚመዘግብበት ቦታ የለውም አልኳት። ቆንጆ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ሀያት ግን ሌላ ነገር ላይ ነበረች።

«ቲቸር፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሲጠይቅዎት ለምን አልነገሩትም?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን? ሥራውን እኮ አይቀማዎትም ነበር። ፈተናው አልቋል።»

 «እንዳይንቀኝ» አልኳት።

 ከዚያ ማህደሯን አነሣች፣ አመሰገነችኝ፣ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። በረንዳው ላይ ቆሜ ጭቃውን እየዘለለች ስትሻገር አየኋት። ሃያ ዓመት ሙሉ ራሴን የከሰስኩት በዘበኛው ጉዳይ ነበር፤ መጠየቅ ነበረብኝ ወይስ አልነበረብኝም እያልኩ ክሱን ስሰማ፣ ፍርድ ስሰጥ፣ ስምር ኖሬአለሁ። ስለ ሻይ ቤቷ «አዎ» ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ደህና ጠያቂ ይወጣታል ብዬ አሰብኩ። ደስ ግን አላለኝም።